የለውጥ ቅጂ፤ ፍጥነትና መጠን በምናባዊ ዲስክ ጥበቃ
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የምናገረው ሁላችንም ማታ አዝዘን ጠዋት ስለምንረሳው ሥራ፣ ስለ ባክአፕ ነው። ለምሳሌ ያህል በማንኩሳ አንድ ጽሕፈት ቤት እናስብ። ማንኩሳን የመረጥኋት ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው ስላስተዋወቋት ብቻ አይደለም፤ መስመር ቀጭን፣ መብራትም የማያስተማምን ሲሆን ችግሩ ጎልቶ እንዲታየን ነው።

የገበሬዎች የይዞታ መዝገብ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን 100 ጊጋባይት ዲስክ አለው እንበል። ቅጂው ወደ ፍኖተ ሰላም የሚላከው በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ነው። ዲስኩ እንዳለ ይላክ ቢባል ከ55 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በቀን የሚለወጠው 2 ጊጋባይት ብቻ ቢላክ ግን አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ያህል ይበቃል።

የተለወጠው በምን ይታወቃል? ኪውኢሙ የተባለው ሶፍትዌር ዲስኩን በብሎክ ከፍሎ፣ የተነካውን ብሎክ በቢት ካርታ ላይ ምልክት ያደርግበታል። የብሎኩ ስፋት እንደ ልማዱ 64 ኪሎባይት ነው። ዳታቤዙ 4 ኪሎባይት ብቻ ቢጽፍ 64ቱ በሙሉ ይላካል፤ ጽሕፈቱ ከተበታተነም ቅጂው እስከ 16 እጥፍ ያብጣል። ብሎኩን ወደ 4 ብናጠበው ካርታው ከ200 ኪሎባይት ወደ 3.2 ሜጋባይት ያድጋል፤ ይህ ከቁም ነገር አይገባም። የሚከብደው ተቀባዩ ድግግሞሽን ለማስወገድ ለየብሎኩ 32 ባይት አሻራ የሚይዝ ሲሆን ነው፤ ማውጫው ከ50 ወደ 800 ሜጋባይት ይደርሳል። እኔ ግን መስመር ከሚጨናነቅ ማውጫው ቢሰፋ እመርጣለሁ።

ስለ ማመቅ ብዙ አልልም። በቀጭን መስመር ዜድስታንዳርድን ከፍ ባለ ደረጃ ማሠራት ያዋጣል፤ ቅጂው እዚያው ጎን ባለ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ዝቅተኛው ደረጃ ይሻላል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርታው በወጉ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ሶፍትዌሩም ዳግመኛ አያምነውም። በዚያች ሌሊት 100ውን ጊጋባይት እንደገና ማንበብ ግድ ነው። ማንበብ ግን መላክ አይደለም፤ አሻራዎቹን ከተቀባዩ ማውጫ ጋር የሚያነጻጽር የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ይህን ያላዘጋጀ 55 ሰዓቱን ይከፍላል። በመካከሉስ መብራቱ ደግሞ እንደማይጠፋ ማን ዋስ ይሆናል?

የ30 ቀን የቅጂ ሰንሰለት ጥቂት ቦታ ይይዛል። ሆኖም የ12ኛው ቀን ቢበላሽ ከዚያ ወዲያ ያሉት 18ቱ ዋጋ የላቸውም። ስለሆነም ተቀባዩ በየሳምንቱ በራሱ ዲስክ ላይ ከሙሉው ጋር ያዋሕዳቸው፤ መስመሩን አይነካም። ማሽኑ በተሰበረ ዕለት ግን ዲስኩ ወደ ማንኩሳ ሲመለስ ያው 55 ሰዓት ነው፤ ባለጉዳይም በር ላይ ቆሟል። እኔ ብሆን ቅጂውን በውጫዊ ዲስክ ገልብጬ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሳፈራለሁ።