በብዕር ስለ ማደር
(በራዲዮ የተነገረ)



ባለፈው ሰሞን በሥራ ጉዳይ ወደ ዱብቲ ወርጄ ነበር። ፀሐይ ጠልቃ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ደጅ በሚያወጣበት ሰዓት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ወዳጄ አራት ደብተሮች ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ያለቀ ልብ ወለድ አለ፤ ሁለተኛው እስከ እኩሌታው ተጽፏል፤ የቀሩት ሁለቱ ከርእሳቸው በስተቀር ባዶ ናቸው። ከደብተሮቹ ሥር አንድ ወረቀት ነበር፤ ይኸውም የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ሲሆን ያልተጻፈበት ቀኑ ብቻ ነው። «ከእንግዲህ በብዕሬ ለማደር ቆርጫለሁ፤ ምን ትለኛለህ?» አለኝ።

ያን ማታ የረባ መልስ ስላልሰጠሁት ዛሬ ልመልስለት። ከእናንተም መካከል ያላለቀ ደብተር በጠረጴዛው መሳቢያ የቆለፈ አይጠፋም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙ ወዲህ፣ በአገራችን ደራሲ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ እንጀራ ያለው ሰው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። አቶ በዓሉ ግርማም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባልደረባ ነበሩ፤ ነገር ግን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ከሥራቸው ተባረሩ፤ በ1976 ዓ.ም. የደረሱበት ጠፋ። ስለዚህ ደመወዝ ደራሲን ከሁሉ ያድናል አልልም።

ከዚህ ልማድ ወጥተው የታዩት አቶ አቤ ጉበኛ ናቸው። በጎጃም ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠሩ በኋላ፣ ሥራቸውን ትተው በመጻፍ ብቻ ለመኖር ተነሡ። ልብ ወለዱ፣ ተውኔቱና ግጥሙ እየተከታተለ ወጣ፤ በእንግሊዝኛም ጻፉ። አንዳንድ ሰዎች መጻሕፍታቸው ጥድፊያ ይታይባቸዋል ይላሉ። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ ደመወዝተኛ የወሩን መጨረሻ ይጠብቃል፤ በብዕሩ የሚያድር ሰው የሚጠብቀው የሚቀጥለውን መጽሐፍ ነው። በ1955 ዓ.ም. የታተመው «አልወለድም» ታገደባቸው። መጽሐፍ ሲታገድ ደግሞ ለወረቀትና ለማተሚያ ቤት የወጣው ገንዘብ አይመለስም። እርሳቸውም ወደ ኢሉባቦር ተጋዙ። እንዲህም ሆኖ በ1961 ዓ.ም. ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚተርከውን «አንድ ለናቱ»ን አወጡ፤ በ1972 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ ብዕራቸውን አልጣሉም።

ወደ ወዳጄ ደብተሮች ልመለስ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ላይ «በቅርብ ቀን ይወጣሉ» ብሎ የቀሩትን ሦስቱን ሊያስታውቅ አስቧል። ልማዱ የቆየ ነው፤ ከማስታወቂያው ያላለፉ መጻሕፍት ብዛት ግን ያሳዝናል። ደመወዝ ለሌለው ደራሲ ይህ ማስታወቂያ ከአንባቢ የተወሰደ ብድር ነው። በእኔ አስተያየት እኩሌታው የተጻፈውን ብቻ ያስታውቅ።

ባዶዎቹን ሁለቱን ቢተዋቸው ደግሞ እመርጣለሁ። አንደኛው በአዲስ አበባ ስለሚኖሩ ባለጸጎች፣ ሁለተኛው ስለ አንድ የአውሮፓ ሰላይ ነው። ሰባት ዓመት በዱብቲ የኖረ ሰው ሰላይ ፍለጋ አውሮፓ ድረስ ምን ወሰደው? አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው፤ (የሐይቁና የደራሲው ስም መገጣጠሙ አስገርሞኛል)። ጥጥ ይለቀምበት የነበረው የተንዳሆ ሜዳ ሸንኮራ አገዳ ሲተከልበት፣ ከዚያም አስቀድሞ የከብት ግጦሽ የነበረው መሬት እርሻ ሲሆን፣ በየቤቱ የደረሰውን ማን ጻፈው? አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፤ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፤ ሐሰት የቀላቀለ ይነቀፋል። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አላውቅም። ወዳጄ ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገራል፤ ከደብተሮቹ አንዱ ውስጥ ግን አንድም የአፋር ሰው አላገኘሁም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የደራሲውን የገንዘብ ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ስለዚህ ረቂቁን በአንድ ጊዜ ክፍያ ጠቅልሎ ለነጋዴ እንዳይሸጥ፤ የሚሸጠው የልጆቹንም ድርሻ ነው።

ማመልከቻው በመሳቢያው ይቆይ፤ ቀን አይጻፍበት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ታትሞ፣ የማተሚያ ቤቱ ዕዳ ተከፍሎ፣ የሚተርፈው ገንዘብ የስንት ወር አስቤዛ እንደሚሆን ይቁጠር፤ ያን ጊዜ ስለ ቀኑ እንነጋገራለን። ሁለተኛውን ደብተር ግን እንዳለቀ ይላክልኝ፤ አንብቤ የመሰለኝን እጽፍለታለሁ።

ደኅና እደሩ።