የቢዲ ሜሰን መቃብር
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት አዋላጅ ነው። ስሟ ቢዲ ሜሰን ይባላል። መቃብሯ በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ኤቨርግሪን በተባለው መካነ መቃብር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 1891 ከተቀበረች ጀምሮ እስከ 1988 ድረስ፣ 97 ዓመት ሙሉ፣ ስሟን የሚናገር አንድ ድንጋይ እንኳ አልቆመላትም ነበር። (እኛ ገና ውኃው ሳይወርድ የፕሮጀክቱን ሰሌዳ እናቆማለን!)

ቢዲ በ1818 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በባርነት ተወለደች። ፊደል አልቆጠረችም። በ1848 ጌታዋ ሮበርት ስሚዝ ከሚሲሲፒ ወደ ዩታ ሲሰደድ፣ እርሷ ከብት እየነዳች ከሠረገሎቹ ኋላ በእግሯ ተጓዘች። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ታናሺቱ ገና ጡት አልጣለችም። በ1851 ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዳቸው።

ካሊፎርኒያ ባርነት የተከለከለባት ግዛት ነበረች፤ ስሚዝ ግን አልለቀቃቸውም። ባርነት ወደ ተፈቀደባት ወደ ቴክሳስ ሊወስዳቸው ሲነሣ፣ ነፃ የሆኑ ጥቁር ወዳጆቿ ለሹም አስታወቁ። በዚያ ዘመን ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ መመስከር አይችልም ነበር። ስለዚህ ዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ቢዲን በጽሕፈት ቤቱ ለብቻዋ አነጋገራት፤ በጥር 1856ም እርሷንና አብረዋት የነበሩትን፣ በድምሩ 14 ነፍስ፣ ነፃ ናችሁ ሲል ፈረደ።

ከዚያ በኋላ ጆን ግሪፊን ከተባለ ሐኪም ጋር በቀን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም እየተከፈላት በአዋላጅነትና በአስታማሚነት ሠራች። በ1866 በስፕሪንግ ጎዳና በ250 ዶላር ቦታ ገዛች። ሒሳቡን ብትሠሩት የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። ነገር ግን ልጆች እያበሉ የመቶ ቀን ደመወዝ ማስቀረት አሥር ዓመት ፈጀባት። እቁብ የሚጥሉ እናቶቻችን ይህን ሒሳብ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ልብ በሉልኝ። ከተማይቱ እያደገች ስትሄድ የቦታው ዋጋ ናረ፤ ቢዲም ባለጠጋ ሆነች። የፈንጣጣ በሽተኞችን አስታመመች፣ እስረኞችን ጠየቀች፣ ድሆችን በቤቷ ተቀበለች። በ1872 በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያዋ የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው በእርሷ ቤት ነው። በ1880ዎቹ ጎርፍ ብዙዎችን ቤት አልባ ባደረገ ጊዜ፣ ወደ አንድ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ሄዳ የተጎዱት ሁሉ በስሟ ቀለባቸውን እንዲወስዱ አደረገች፤ ዕዳውን እርሷ ከፈለች። ይህ አሠራር ከብዙው የእደላ ሥራችን ይሻላል እላለሁ። ችግረኛው የሚጎድለውን ራሱ ያውቃል፤ የሰፈሩም ነጋዴ ገበያ አያጣም። እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ ዘይት ላለው ዘይት፣ ወፍጮ ለሌለው ስንዴ እናድላለን።

መጋቢት 27 ቀን 1988 (እ.ኤ.አ.) በቤቷ የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከከተማው ከንቲባ ከቶም ብራድሌይ ጋር ወደ መቃብሯ ሄደው የስም ድንጋይ አቆሙላት። ብራድሌይ ራሱ የዚያች ከተማ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ቤቷ በነበረበት ቦታ የሕይወቷን ታሪክ የሚናገር ረጅም ግንብ ተሠራ፤ የአዋላጅ ቦርሳዋም በግንቡ ላይ ተቀርጿል።