የትንሹ ኮሌጅ ፉትቦል፤ በሀንኮክ ከተማ የተሞከረ ስሌት



ስለ ኳስ ጨዋታ የሚያወሳ ጽሑፍ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ መነበቡ ለአንዳንዶች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ የሚነገርለት ጨዋታ ከጨዋታነቱ ይልቅ የስሌት ጉዳይ ነበር። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሀንኮክ በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኝ የነበረው ፊንላንዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተዘጋ። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።) በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ያለው ታሪክ፣ ገቢ ያስገኛል ተብሎ የተጀመረ ሥራ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ምን ያህል ስንቅ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ቡድኑ ዩኒቨርሲቲውን አፈረሰው ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ እግር ኳስ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነው፤ አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ግን ከስሙ በቀር እግር እምብዛም የማይገባበት፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ሞላላ ኳስ በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ የሚካሄድ የግፊያና የትግል ጨዋታ ነው። ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ከዐሥራ አንድ ጋር ይገጥማሉ። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። አጥቂው ወገን ዐሥር ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። በየሙከራው መካከል ተጫዋች እንደ ልብ መለወጥ ስለሚፈቀድ፣ ለማጥቃት አንድ ምድብ፣ ለመከላከል ሌላ ምድብ፣ ኳሱ በእግር ለሚመታባቸው ጥቂት ጊዜያት ደግሞ ሦስተኛ ምድብ ይሰለፋል። ለየቦታው ተተኪ ሲጨመርበት የአንድ ኮሌጅ ቡድን በቀላሉ መቶ ሰው ይደርሳል። የቅርጫት ኳስ ቡድን ዐሥራ አምስት ሰው ይበቃዋል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ቁጥር ነው።

የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር አባሎቹን በሦስት ዲቪዚዮን ይከፍላል። በቴሌቪዥን የሚታየው፣ አንዳንዴም በመቶ ሺህ ተመልካች ፊት የሚካሄደው ውድድር የአንደኛው ዲቪዚዮን ነው። ፊንላንዲያ ቡድኑን ሲያቋቁም አባል በነበረበት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ግን ለስፖርት ችሎታ ተብሎ የተማሪን የትምህርት ወጪ መሸፈን ክልክል ነው። ተጫዋቹ እንደ ማንኛውም ተማሪ ይከፍላል። እንግዲህ በአንደኛው ዲቪዚዮን ተጫዋች የወጪ መዝገብ ላይ ሲጻፍ በሦስተኛው የገቢ መዝገብ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቁጥር ከወንዶች በልጦ ከቆየ ብዙ ዓመታት ስለሆነ፣ ፉትቦል ወንዶችን በጅምላ የሚስብ ብቸኛ መሣሪያ ተደርጎ ተቆጠረ። በዚህም የተነሣ በዚህ ክፍለ ዘመን በርካታ አነስተኛ የግል ኮሌጆች፣ የተማሪ እጥረት ሲያስጨንቃቸው፣ ፉትቦልን እንደ ፈውስ ያዙት።

ፊንላንዲያም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቱን በ1896 ሱኦሚ ኮሌጅ በሚል ስም ያቋቋሙት ከፊንላንድ የተሰደዱ የሉተራን እምነት ተከታዮች ናቸው። ወደ ኪዊናው ባሕረ ገብ ምድር የሳባቸው በዚያ ይወጣ የነበረው የመዳብ ማዕድን ነበር። የማዕድኑ ዘመን አልፎ ጉድጓዶቹ ከተዘጉ በኋላም ኮሌጁ ቆየ፤ ለረጅም ጊዜ የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ሲሰጥ ከኖረ በኋላ በ1996 የአራት ዓመት ኮሌጅ ሆነ፤ በ2000 ደግሞ ፊንላንዲያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ዩኒቨርሲቲ ይባል እንጂ ተማሪዎቹ አምስት መቶ አካባቢ ነበሩ። ከቦዩ ማዶ፣ በሆተን ከተማ፣ በ1885 በማዕድን ትምህርት ቤትነት የተቋቋመው ትልቁ የሚሺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይታያል፤ እርሱም የቆየ የፉትቦል ቡድን አለው። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው በ1959 የተሠራው ድልድይ፣ መርከብ ሲመጣ መካከለኛው ክፍሉ ሳይታጠፍ እንዳለ ወደ ላይ የሚነሣ ነውና፣ የሙያ ሰው ወደዚያ ቢያልፍ ሳያየው ባይመለስ መልካም ነው።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስጎመጅ ነበር። ለምሳሌ ያህል መቶ ተጫዋቾች ቢመጡና ከእያንዳንዳቸው በዓመት 10,000 ዶላር የተጣራ ክፍያ ቢሰበሰብ 1,000,000 ዶላር ይሆናል። አምስት መቶ ተማሪ ለነበረው ትምህርት ቤት መቶ ሰው መጨመር ማለት ደግሞ ሃያ በመቶ ዕድገት ነው። ነገር ግን «የተጣራ» የምትለው ቃል የምትሸከመው ጭነት ከባድ ነው። የአሜሪካ የግል ኮሌጆች ለአዲስ ተማሪዎች የሚያደርጉት ቅናሽ በቅርብ ዓመታት በአማካይ ከታወጀው ተመን ከግማሽ በላይ ሆኗል። ከቀረው ላይ የዋናው አሠልጣኝና የረዳቶቹ ደመወዝ፣ የሐኪም አገልግሎት፣ የመድን ክፍያ፣ እያንዳንዱ በመቶዎች ዶላር የሚገዛ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ይወጣል። የራስ ቁሩ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ በየጊዜው እየተመረመረና እየታደሰ መቀጠል አለበት።

በዚያ ላይ የቦታው ርቀት አለ። ሀንኮክ ከዲትሮይት በመኪና 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ተጋጣሚ ኮሌጆች አብዛኛዎቹ የሚገኙት በደቡብ ስለሆነ አንድ ጨዋታ ማለት የአንድ ሌሊት ጉዞ፣ ሁለት አውቶቡስ፣ የሆቴል አልጋና የመቶ ሰው ቀለብ ማለት ነው። የኪዊናው አካባቢ ከሱፒሪየር ሐይቅ በሚነሣው እርጥበት የተነሣ በዓመት ከአምስት ሜትር በላይ በረዶ የሚወርድበት፣ በ1978 እና በ1979 መካከል በነበረው ክረምት ደግሞ ዐሥር ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው በረዶ የተለካበት አገር ነው። በአውራጃው የሚኖረው ሕዝብ አርባ ሺህ ስለማይሞላ መቶ ተጫዋች ከዚያው ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መልማዩ ሩቅ አገር ሄዶ፣ በረዶ እምብዛም የማያውቀውን ወጣት ሳይቀር ማግባባት ይኖርበታል።

በሜዳው ላይ የሆነውም ከዚሁ የተለየ አልነበረም። ቡድኑ አብዛኛዎቹን ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ልዩነቱም ብዙ ጊዜ ሰፊ ነበር። የዚህ ምክንያት የወጣቶቹ ስንፍና ወይም የአሠልጣኞቹ ድክመት ነው ብሎ መፍረድ የጨዋታውን አሠራር አለማወቅ ነው። አዲስ ቡድን የሚቋቋመው ከሞላ ጎደል በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነው። በፉትቦል ክብደትና ጉልበት እጅግ ስለሚቆጠር፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ለአራት ዓመት ብረት ሲያነሣ ከቆየ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ፊት ሲቆም ውጤቱ ከጅምሩ የታወቀ ነው። ሲሸነፍም ጉዳት ይበዛበታል። ለአንድ ልምምድ ብቻ ሃያ ሁለት ጤነኛ ሰው ስለሚያስፈልግ፣ ጉዳተኛ ሲበዛ ልምምዱ ይሳሳል፤ የቀሩትም በማጥቃትም በመከላከልም ለመሰለፍ ይገደዳሉ፤ ይደክማሉ፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። የውድድሩ ጊዜ ሲያበቃ ተስፋ የቆረጠው፣ ክፍያው የከበደው፣ ቤቱ የናፈቀው ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ እንደገና በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይጀምራል። የተሰነጠቀ ብረትን የመረመረ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ ስንጥቁ ጭነት የሚሸከመውን ገጽ ያሳንሳል፤ በቀረው ገጽ ላይ ጫናው ይጨምራል፤ ጫናው ስንጥቁን መልሶ ያራዝመዋል።

ይህን ዑደት መስበር የሚቻለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች አራተኛ ዓመት እስኪደርሱ ድረስ እንዲቆዩ ማድረግ። ይህ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜም በገንዘብ ይገዛል። ለንጽጽር ያህል በጆርጂያ ክፍለ ግዛት የሚገኘውን ቤሪ ኮሌጅን መመልከት ይጠቅማል። እርሱም የሦስተኛው ዲቪዚዮን አባል ነው፤ ፉትቦል የጀመረው በ2013 ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት እርሱም ሽንፈት በሽንፈት ሆነ። ሆኖም በ2016 በሚወዳደርበት የኮሌጆች ማኅበር ሻምፒዮን ሆነ። ልዩነቱን በአሠልጣኝ ብልሃት ብቻ መተርጎም አይቻልም። ቤሪ ሁለት ሺህ ያህል ተማሪዎች፣ 27,000 ኤከር ርስት፣ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚወጣለት ከፍተኛ ቋሚ ገንዘብ ነበረው። ሽንፈቱን እንደ መሠረት ቁፋሮ ወጪ ቆጥሮ መታገሥ ይችል ነበር። ፊንላንዲያ ግን ፉትቦልን የጀመረው ገንዘብ ስላነሰው ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅን ሥራ ለመታገሥ አቅም ያጣ ሰው ሲጀምረው፣ ችግሩ ከመጀመሪያው ፉጨት በፊት ተተክሏል።

በ2024 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፉትቦል የጀመሩ ኮሌጆችን ካልጀመሩት ጋር አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ የተማሪው ቁጥር በመጀመሪያ ከፍ እንደሚልና ጭማሪው ብዙ ሳይቆይ እንደሚጠፋ፣ ከትምህርት ክፍያ በሚገኘው ገቢም ላይ ዘላቂ ለውጥ እንዳልታየ ገልጸዋል። ይህ ጥናት በ2015 የሀንኮክ ሰዎች እጅ አልነበረም። ባይኖርም ግን መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ መቶ ሰው ይመጣል ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ከመቶው ስንቱ በአራተኛው ዓመት ይገኛል የሚለው ነው። አንድን ግድብ በመጀመሪያው ክረምት በገባለት ውኃ ብቻ የሚመዝን መሐንዲስ የለም፤ የሚሰርገውና የሚተነውም ይሰላል።

የሆነ ሆኖ የተጫዋቾቹ ጉዳይ ከዚህ ስሌት ተለይቶ መታየት አለበት። የሦስተኛው ዲቪዚዮን ተጫዋች ደመወዝ የለውም፤ ስሙ በጋዜጣ አይወጣም፤ ወደ ፊት በኳስ ይተዳደራል ብሎ የሚያስብለትም የለም። ከፍሎ ይማራል፤ በቅዳሜ ተደቁሶ ይወጣል፤ ሰኞ እንደገና ልምምድ ይወርዳል። ፊንላንዶች «ሲሱ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ተስፋ በተሟጠጠበት ቦታ የሚቀጥል የልብ ጽናት ማለት ነው። የሽንፈቱን ቁጥር እያነሡ መሣለቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲወጣ ጨዋታው ያበቃበት የነበረ ወጣት ተጨማሪ ዓመታት አግኝቷል፤ ከነዚሁም መካከል ፉትቦል ባይኖር ኖሮ ኮሌጅ ደጃፍ የማይደርሱ ይገኙ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ይህ ጥቅም በሂሳብ መዝገቡ ላይ ዓምድ አልነበረውም። ቡድኑ ለዚህ ጥቅም ሲባል ብቻ ተቋቁሞ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ያነሰ ቃል ተገብቶለት ረዘም ያለ ዕድሜ በኖረ።

ማርች 2 ቀን 2023 የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ቦርድ ለሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ተማሪ እንደማይቀበል አስታወቀ። የተሰጠው ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያጠናቅቁ ወጣቶች ቁጥር ማነሱ፣ ኮሌጅ የመግባት ፍላጎት መቀነሱና ሊሸከሙት ያልተቻለው ዕዳ ነው። እነዚህን ሦስቱን ማናቸውም ቡድን፣ አሸናፊም ቢሆን፣ አያስቀራቸውም ነበር። ንብረቱን የሚያጣራ ሰው በፍርድ ቤት ተሾመ። የፊንላንድ ተወላጆች የቅርስ ማእከልና የታሪክ መዛግብቱ እንዳይበተኑ በአሜሪካ የሚገኝ የፊንላንዶች የባህል ድርጅት ተረከባቸው። ተማሪዎቹን ለመቀበል ደግሞ ከቦዩ ማዶ ያለውን የሚሺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተስማሙ።

የነርስነት ወይም የሥነ ጥበብ ተማሪ የተቆጠረለትን የትምህርት ሰዓት ይዞ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሊሄድ ይችላል። ተጫዋቹም የትምህርት ሰዓቱን ይዞ ይሄዳል። በተለመደው ሕግ መሠረት ግን አንድ ተማሪ የሚሰለፈው ለአራት የውድድር ዓመታት ብቻ ነው፤ በሀንኮክ ሜዳ ላይ ሦስቱን በሽንፈት ያሳለፈ ወጣት፣ የቀረችውን አንዲቱን ዓመት የሚጫወትበት ቡድን ፈልጎ፣ ከማያውቃቸው የአንደኛ ዓመት ልጆች ጋር እንደ አዲስ ተመዝጋቢ መሰለፍ ነበረበት።