የመቀነቱ ቋጠሮ

ከደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ ሸጠው የሚመለሱ አንዲት እናት እናስብ። ስልካቸው ይጮኻል። «እማማ፣ ተሳስቼ 2000 ብር ልኬልዎታለሁ፤ ስለ ማርቆስ ብለው ይመልሱልኝ!» መልእክትም ገብቷል። እሳቸው ግን ፊደል አልቆጠሩም። የሰው ገንዘብ ይዞ ማደር ደግሞ ነውር ነው፤ አጭበርባሪው የሚያጠምደው ይህንኑ ደግነት ነው። መልእክቱ ሐሰተኛ፣ የገባም ሳንቲም የለም።

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ገንዘብ ከመቀነት ወደ ስልክ በስፋት መዞር ያዘ። የመቀነቱን ቋጠሮ የሚፈቱት እኚህ እናት ብቻ ነበሩ፤ የቴሌብሩን የሚስጥር ቁጥር ግን ልጅም፣ ጎረቤትም፣ ባለሱቁም ያውቀዋል። ወጣቱስ? ማንበብ ይችላል፤ «ሽልማት ደርሶሃል» ሲሉት ግን ሳያነብ ይቸኩላል።

እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዝጉና ኮከብ 127 መሰላል ደውላችሁ የቴሌብር ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ንኩ።