የደጅ መብራትና የቆርቆሮ አጥር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል)



የዛሬው ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን የሰው ሕይወት አለበት።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቤት በደጁ አንድ አምፖል እንዲያበራ ተስማምተናል። ለሌባ ጨለማ እንዳንተውለት፣ አምሽተው የሚገቡ ልጆቻችንም ቦይ ውስጥ እንዳይወድቁ ብለን ነው። አብዛኛው ሰው እሺ ብሎ አስገብቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከኮሚቴው ጋር በየደጁ ዞረን ስናይ አንዳንዱ መብራት ከጨለማው የባሰ ሆኖ አገኘነው። ቀጭን የቤት ውስጥ ሽቦ በቆርቆሮ ቀዳዳ አሾልኮ፣ በሚስማር አጥፎ፣ መገጣጠሚያውን በፌስታል የጠቀለለ አለ። ዲቫይደር አጥር ላይ የሰቀለም አይተናል።

ከተማችን ባሕር ዳር ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የጢስ ዓባይን ኃይል የምታውቅ ናት። ለመብራት እንግዳ አይደለንም። ይሁንና ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። መሬቱ ይረጥባል፣ አጥሩ ይረጥባል፣ ልጆቹም በባዶ እግር ይሮጣሉ።

አሁን አደጋው እንዴት እንደሚመጣ እንንገራችሁ። የቆርቆሮ ጠርዝ ስለት ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው የሽቦውን ልባስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። አንድ ቀን መዳቡ ቆርቆሮውን ይነካል፤ ያን ጊዜ አጥሩ በሙሉ 220 ቮልት ተሸከመ ማለት ነው። ቆርቆሮው የቆመው በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እንደልቡ አይወርድም። አምፖሉም እንደወትሮው ይበራል፤ ምንም ምልክት የለም። እዚያው ተቀምጦ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ባለፈው ክረምት በአንድ ጎረቤታችን ደጅ የሆነው ይኸው ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የብረቱን በር ሲገፋ ያዘው። እናቱ ሮጣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ባታወርደው ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ብዙ ሰው «ፊውዝ አለኝ፣ ብሬከር አለኝ፣ ምን ያሰጋኛል?» ይላል። ይኸ ትልቅ ስሕተት ነው። ተራው ብሬከር ሽቦው ግሎ እሳት እንዳያስነሣ ቤቱን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የ40 ዋት አምፖል የሚወስደው 180 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። ሰውን አጣብቆ ትንፋሽ ለማሳጣት ግን 30 ሚሊ አምፔር እንኳ ይበቃል። 10 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ይኸን አያየውም። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው፣ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት መቁረጫ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ ወዲያው ይቆርጣል። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በወር አንዴ ተጫኑት፤ ካልቆረጠ ተበላሽቷል ማለት ነው። ዋጋው ይከብዳል የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እውነት ነው። ከአምፖሉ ጌጥ ቀንሱና እሱን ግዙ።

ሌላው፣ ከዋናው መሥመር ላይ፣ ማለት ከቆጣሪው በፊት፣ ሽቦ መቀጠል በሕግ ያስቀጣል፤ ደግሞም ምንም መከላከያ የለውም። የደጅ መብራት ከቆጣሪ በኋላ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ 10 አምፔር ይበቃዋል። ሽቦው ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆኖ ድርብ ልባስ ያለው ይሁን፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ቆርቆሮ በሚያቋርጥበት ቦታም ቱቦው ሳይቆረጥ ይሻገር። መገጣጠሚያ ከተፈለገ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይታሰር። ናስትሮ ብቻውን ክረምት አይችልም። አምፖሉንም አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ግዙ፤ ዝናብ ፊት ለፊት የሚመታው ከሆነ 65 ይሁን። በመሬት የሚቀበር ገመድ ለመቀበር የተሠራ ሆኖ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ የዶማ ነገር ታውቃላችሁ።

የብረት በርና የብረት ምሰሶ ላይ መብራት ያላችሁ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለውን የመሬት ሽቦ ሳታስሩ እንዳትቀሩ። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ክልክል ነው፤ የጎረቤት ሴት ልብስ ስታጥብ ይይዛታል። ማጥፊያውም የሚቆርጠው ፌዙን መሆን አለበት። ከጠፋ በኋላ ጭል ጭል የሚል አምፖል ካላችሁ ኒውትራሉ ተቆርጦ ፌዙ እንዳለ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና አስመርምሩ።

የመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ አምፖል መስቀል፣ በመንገድ ላይ ሽቦ አሻግሮ ለጎረቤት መስጠት ይቅር። ለጥርም ሠርግ ቢሆን። የቸገረው ለኮሚቴው ይንገረን፤ በፀሐይ የሚሠራ መብራት አለ፣ ሽቦም አይፈልግ።

ስለ ትንኝ የጠየቃችሁን፣ ነጭ አምፖል የሐይቁን ነፍሳት ሁሉ ይጠራል። ቢጫ ቀለም ያለው ያነሰ ይስባል፤ ከመኝታ ቤት መስኮትም አርቁት። አጎበሩ ግን አይቅር።

ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጅ አትንኩት። መጀመሪያ ማጥፊያውን አውርዱ፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ግፉ። የወደቀ የመንገድ ሽቦ ካያችሁ ሰው አርቃችሁ 905 ደውሉ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ኮሚቴው የብቃት ማረጋገጫ ካለው ኤሌክትሪሺያን ጋር በየቤቱ ይዞራል። የምርመራው ክፍያ ከማኅበሩ ነው፤ ዕቃው ግን ከባለቤቱ። ቆጣሪው ፊት የተደረደረውን ዕቃ አንሡልን፤ ውሻም እሰሩልን።