የደም አልኮል ልኬትና ትርጓሜው
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አራዳ ከጥንት የገበያ ሰፈር እንደ ነበረ ሁሉ የጠጅ ቤትም ሰፈር ነበረ። ስለዚህ የዛሬውን ጉዳይ በ1923 ዓ.ም. ሐውልቱ በተመረቀበት በምኒልክ አደባባይ በምሳሌ ላስረዳ።

አንድ ሾፌር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እግረኛ ገጨ እንበል። ደሙ የተወሰደው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ውጤቱም በሊትር 0.5 ግራም አልኮል ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ዘገባ ለኢትዮጵያ የመዘገበው ወሰን በሊትር 0.8 ግራም ነው። ታዲያ ሾፌሩ ከወሰኑ በታች ነበርን?

ሰውነት በየሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ያስወግዳል። እንግዲህ በአደጋው ሰዓት መጠኑ ከ0.8 እስከ 1.1 ግራም ይደርስ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚጸናው የጠጣው ሁሉ አስቀድሞ ወደ ደሙ ገብቶ ካበቃ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ብርሌ ጨልጦ ወዲያው መሪ የጨበጠ ከሆነ፣ ወደ ኋላ መቍጠሩ ያልነበረበትን ይጭንበታል።

ብርሌ መቍጠርም አያስተማምንም። በስዊድናዊው ሊቅ በዊድማርክ ቀመር ብናሰላው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ግማሽ ሊትር ጠጅ ቢጠጣ፣ ጠጁ 7 በመቶ አልኮል ካለው ደሙ እስከ 0.6፣ 14 በመቶ ካለው እስከ 1.2 ግራም ሊደርስ ይችላል። የጠጅ ጥንካሬ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ በብርሌውም ላይ አይጻፍም።

ከሁሉ የሚበልጠው ኀላፊነት ግን የእኛው ነው። ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ፣ ወይም ደሙ ሶዲየም ፍሎራይድ ሳይጨመርበት በሙቀት ከዋለ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል። በሴረም የተገኘ 0.9 ግራም በሙሉ ደም ሲተመን 0.78 ያህል ነው፤ ሴረም ከሙሉ ደም ይልቅ ብዙ ውሃ፣ ስለዚህም ብዙ አልኮል ይይዛልና። ይህን ሳይጠቅስ የተላከ ወረቀት ከወሰኑ በታች ያለውን ሰው ከወሰኑ በላይ ያደርገዋል።

ስለዚህ በምንፈርመው ወረቀት ላይ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት፣ ዓይነቱ፣ የተለካበት ዘዴና የስሕተቱ ወሰን ከቍጥሩ ጋር ይጻፍ። የተጎጂው ቤተ ሰብም ተከሳሹም ፍትሕን የሚጠብቁት ከዚያችው ወረቀት ነው።