የክረምቱ የጽሕፈት ትምህርት ለምን አስፈለገ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ዳሞታ ጭጋግ ሲለብስ፣ የሶዶም መንገድ ሲጨቀይ ልጆቻችን ቤት መዋላቸው ነው። ማኅበሩ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን የጽሕፈትና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት እንዲሰጥ አስቧል። አንዳንዶች «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። ኧረ አይደለም!

በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዘመቻው ከተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ የሚጻፈውም በሀ ሁ ነበር። ብዙ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ያነበቡት በዚያ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ቋንቋው በላቲን ይጻፋል፤ ልጆቹም የሚማሩት በዚሁ ነው። ታዲያ ምን ሆነ? አያት የልጅ ልጇን ደብተር ገልጣ ማንበብ አቃታት። ከልጁ ጋር ቀኑን ሙሉ በወላይትኛ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን አይተዋወቁም። ላቲኑ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ያ ያለቀ ነገር ነው።

እኛ ያሰብነው እንዲህ ነው። ልጆቹ ከሽማግሌና ከባልቴት አፍ ይሰማሉ፣ እንደሰሙት ይጽፋሉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያነባሉ። ባለቤቱ «እንዲህ አላልኩም» ካለ ይሰረዛል። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ የጊፋታ ጨዋታው ሁሉ ይጻፍ። በተለይ እናቶች ኑልን። እንሰት ተክሎ፣ ፍቆ፣ ቀብሮ ሙቿ እስኪሆን ድረስ ያለውን ሥራ በየስሙ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ልጆቹ የሚያውቁት መብላቱን ነው። በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግም ይጻፍ፣ ማንም አይከለክለውም።

«ይኸ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች የቀላቀለ፣ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሕዝቡ ይኸ ቋንቋዬ አይደለም ብሎ ተነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ቀረ። ስለ ቋንቋው ይህን ያህል የከፈለ ከተማ፣ ልጁን በሳምንት ሁለት ቀን ከሱቅ ጥበቃ መልቀቅ እንዴት ያቅተዋል?

እንግዲህ ደብተርና እርሳስ ከየቤቱ ይምጣ። ትርፍ አግዳሚ ወንበር ያላችሁ እስከ መስከረም አውሱን። መምጣት ለሚከብዳቸው ሽማግሌዎች፣ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ የሚያመጣና የሚመልስ ወጣት ይመደባል፤ ፈቃደኞች ዛሬውኑ ለጸሐፊው ስማችሁን ስጡ።